«ሆዷ ቢቀዘቅዝ ነው ሴት ሴቱን የምትወልደው!»

በዚህ አምድ ብዙውን ጊዜ የሌላውን ሰው ገመና እያነሳሁ ስመክር ነው የምታውቁኝ። ዛሬ ግን ተራው የእኔ ነው፤ የራሴን ጥፋት ልናዘዝላችሁ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባል የለ? እኔ ጨምሬበት ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ! ጉድ የሠራሁት ቀንሼበት ነው። ያቺ የቀነስኳት ቁራጭ ደግሞ አንዲት ነፍሰ ጡር ለሥቃይ ዳረገች።

ነገሩ የሚጀምረው ከአዞ ነው። አዎ፣ ከአዞ!

ለሥራ ጉዳይ አርባ ምንጭ ወርጄ ነበር። አርባ ምንጭ ደርሶ አዞ ሳያይ የተመለሰ ሰው «ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ በጫሞ ሐይቅ ላይ «የአዞ ገበያ» የሚባለውን ቦታ በጀልባ ሄጄ አየሁ። አዞ የሚሸጥበት እንዳይመስላችሁ፤ አዞዎቹ ራሳቸው እንደ ገበያተኛ ከዳር ተኮልኩለው ፀሐይ የሚሞቁበት ነው። በማግስቱ ደግሞ ወደ አዞ እርባታው ጎራ አልኩ።

አስጎብኚያችን ወጣት ልጅ ነው። «ወንዱ የትኛው ነው? ሴቷስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ፈገግ ብሎ፣ «በዓይን መለየቱ ይቸግራል ጋሼ። የሚገርመው ግን እሱ አይደለም። እናትየዋ እንቁላሉን ስትጥል ውስጡ ያለው ሽል ገና ወንድም ሴትም አይደለም። ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው አሸዋው ውስጥ ነው። የሚወስነውም ሙቀቱ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ የቀለደብኝ መሰለኝ። ልጁ ግን ጉዳዩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። እናት አዞ ከውኃው ዳር ጉድጓድ ትቆፍርና ከ25 እስከ 80 የሚደርሱ እንቁላሎች ጥላ ታለብሳቸዋለች። እንደ ዶሮ አትታቀፍም። የሚያሞቃቸው ፀሐይና አፈሩ ነው። እሷ ሦስት ወር ገደማ በአካባቢው ሆና ትጠብቃለች፤ አርጃኖ እንቁላሏን ቆፍሮ እንዳይበላባት ነው። ጊዜው ሲደርስ ጫጩቶቹ ገና እንቁላሉ ውስጥ ሳሉ ይጮኻሉ። ድምፃቸውን ስትሰማ አፈሩን ትቆፍርና በዚያ በሚያስፈራ አፏ ይዛ ወደ ውኃው ትወስዳቸዋለች። እናትነት እንዲህ ነው!

«ታዲያ ሙቀቱ እንዴት ነው የሚወስነው?» አልኩት።

«ዝቅ ሲል ሴት፣ ከፍ ሲል ወንድ ይሆናል። ግን ደግሞ…» ብሎ ቀጠለ። እኔ «ግን ደግሞ» የምትለዋን አልሰማሁም። ጓደኞቼ ፎቶ ልንነሳ ነው ብለው ስለጠሩኝ ጥዬው ሄድኩ። የጣጣው ሁሉ መነሻ ይህቺው ናት።

የቡና ላይ ወሬ

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ አንድ ባልንጀራዬ ቤት ቡና ተጠራሁ። ባልንጀራዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠርቶ አዳሪ፣ ቤቱን አክባሪ ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ሦስቱም እንደ ጨረቃ ያማሩ። ባለቤቱ ደግሞ አራተኛውን ፀንሳለች፤ ገና ሦስተኛ ወሯን አልጨረሰችም። እናቱ አብረውት ይኖራሉ። እማማ ደግ እናት ናቸው፤ አንድ ነገር ግን ከአፋቸው አትጠፋም። «የልጄን ስም የሚያስጠራ ወንድ ሳላይ ልሙት?» ይላሉ። ምራታቸው ትሰማለች፣ ዝም ብላ ቡናዋን ትቀዳለች። ባል ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንዲት ቃል ተናግሮ ነገሩን መዝጋት ሲችል ጣሪያውን ያያል!

በአገራችን በብዙ ቦታ ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። በዚያ ቤት በሦስተኛዋ ልጅ ጊዜ ሦስቱም እልልታ በግድ እንደወጣ ራሴ ምስክር ነኝ።

እንግዲህ በዚያ ዕለት ጨዋታውን ላሳምር ብዬ የአዞውን ነገር አነሳሁ። «እማማ፣ ጉድ ልንገርዎት! አዞ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በሙቀት ነው አሉ። እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ሴት፣ ሲሞቅ ወንድ!» አልኳቸው። ሁሉም ሳቀ። እማማ ግን አልሳቁም። ስኒያቸውን እንደያዙ ቆዩና፣ «በል ድገምልኝ እስቲ ልጄ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ሞኝ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ የባልንጀራዬ ባለቤት ደወለችልኝ። ድምጿ ከወትሮው ተለይቶብኛል። «ምን ብለህ ነው የነገርካቸው? እባክህ መጥተህ አስረዳልኝ» አለችኝ። ነገሩን ስሰማ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እማማ ለካ «ምራቴ ሆዷ ቢቀዘቅዝ ነው ሴት ሴቱን የምትወልደው» ብለው ደምድመዋል! ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት ተከልክሏል። ጠዋት ማታ የሚያቃጥል አጥሚት ትጠጣለች። ሌሊት ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ ይደረብባትና ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ሆዷ ላይ ይቀመጣል። በላብ ተጠምቃ ታድራለች። እንቅልፍ የለም፣ ራሷን ያዞራታል። ባልየውስ? «እናቴ የምታውቀው ይኖራል» ብሎ ዝም!

ያልሰማኋት ግማሽ

በዚያች ሌሊት እኔም አልተኛሁም። በማግስቱ የሥነ ሕይወት መምህር የሆነ ወዳጄ ጋ ሄጄ ጠየቅሁ፣ አነበብኩም። እሑድ ዕለት የባልንጀራዬ ቤት ሄጄ ሁሉንም አስቀመጥኳቸው። ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «አዞውን ራሱን በትክክል አልነገርኩዎትም። ሲሞቅ ወንድ ያልኩት ግማሽ እውነት ነው። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ተመልሶ ሴት ይሆናል!»

እማማ ቀና አሉ።

በናይል አዞ ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ የጉድጓዱ ሙቀት ከ31.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን የሚፈለፈሉት ሴቶች ናቸው። ከ34.5 ዲግሪ በላይ ሲያልፍም ሴቶች ናቸው። ወንድ የሚገኘው በመሃሉ ባለችው በዚያች ጠባብ ልክ ነው። ሦስት ዲግሪ እንኳ አትሞላም! የአንድ ጉድጓድ እንቁላል ሁሉ እኩል አይሞቅም፤ የላይኛው ሲሞቅ የሥረኛው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከአንዲት እናት፣ በአንድ ሌሊት ተጥለው፣ በአንድ ጉድጓድ አድረው ወንድምና እህት ሊሆኑ ይችላሉ። እናትየዋ ምን አደረገች? ምንም። አባትየውስ? እሱም ምንም። አዞ ወንድና ሴትን የሚለይ ክሮሞዞም የለውም።

ይህን ጉዳይ መጀመሪያ ያስተዋለችው ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ማድሌን ሻርኒዬ የተባለች ተመራማሪ የእንሽላሊት እንቁላሎችን በተለያየ ሙቀት አስቀምጣ ስትመለከት፣ ዝቅ ባለው ሙቀት ሴቶች፣ ከፍ ባለው ደግሞ ወንዶች አገኘች። ከዓለም መጀመሪያ የታየው እዚሁ በአፍሪካችን ምድር መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በጊዜው ግን ብዙም ሰሚ አላገኘችም።

እ.ኤ.አ. በ1982 ማርክ ፈርጉሰንና ቴድ ጆአነን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት የአዞ ዘመድ በሆነው በአሊጌተር ላይ አጠኑ። በ30 ዲግሪና ከዚያ በታች የተቀመጡት እንቁላሎች ሁሉ ሴት፣ በ34 ዲግሪ የተቀመጡት ሁሉ ወንድ ሆኑ። ከቤተ ሙከራ ውጭም ያው ነው። ደረቅና ሞቃት በሆነው ከፍ ያለ መሬት ላይ ከተሠሩት ጎጆዎች ወንዶች፣ ረግረጉ ውስጥ ካሉት ቀዝቃዛ ጎጆዎች ሴቶች ተፈለፈሉ። በአሊጌተርም ቢሆን ሙቀቱ ከዚያ በላይ ሲጨምር ሴቶች እንደገና መምጣታቸው በኋላ ታውቋል።

«ሙቀት እንዴት አድርጎ ነው ወንድና ሴት የሚሠራው?» አለ ባልንጀራዬ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ከጣሪያው ወረደ።

ሽሉ መጀመሪያ ላይ ወደ ወንድም ወደ ሴትም ሊያድግ የሚችል አንድ ዓይነት የዘር እጢ አለው። ሦስቱን ወር ለሦስት ብንከፍለው ወሳኟ ጊዜ መካከለኛዋ ናት። በዚያች ጊዜ የጉድጓዱ ሙቀት የተወሰኑ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፣ ሌሎቹን ያስተኛል። አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሥራው የወንዱን ሆርሞን ወደ ኤስትሮጅን፣ ማለት ወደ ሴቷ ሆርሞን መለወጥ ነው። ይህ ኢንዛይም በብዛት ሲሠራ እጢው የእንቁልጢ ቦታ ይሆናል፣ ሴት ትወጣለች። ሥራው ሲቀዘቅዝ የወንድ ፍሬ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአንድ የኤሊ ዝርያ ላይ ኬዲኤም6ቢ የተባለውን አንድ ጂን ብቻ ቢያዳክሙ፣ ወንድ ሊሆኑ ከነበሩት ሽሎች አብዛኞቹ ወደ ሴትነት ዞሩ።

እማማ ይህ ኢንዛይም ምናምን አልገባቸውም። «እማማ» አልኳቸው፣ «ያው አንድ ሊጥ ነው። ምጣዱ ሳይግል ቢያሰፉት እንጀራው ዓይን አያወጣም። ልኩን ሲያገኝ ዓይን ያወጣል። ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ ያርራል። የአዞ እንቁላል እንደዚያ ነው።» ሳቅ አሉ። ገባቸው።

እባብና አዞ አንድ አይደሉም

ደግሞ ተሳቢ እንስሳት ሁሉ በአንድ ሕግ አይሄዱም። የባህር ኤሊ የአዞ ተቃራኒ ናት። በባህር ዳር አሸዋ የቀበረችው እንቁላል ከ29 ዲግሪ አካባቢ በታች ሲሆን ወንድ፣ በላይ ሲሆን ሴት ነው። በኒው ዚላንድ ያለው ቱዋታራ የተባለ ጥንታዊ እንስሳ ደግሞ ከ22 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ወንድ ይሆናል። ለእኛ ብርድ የሆነው ለሱ ሙቀት ነው! እባብ ጋ ስንመጣ ሙቀት ቦታ የለውም፤ ነገሩ በክሮሞዞም ያልቃል። እንግዲህ እባብ እንኳ ከአዞ ጋር በዚህ ካልተስማማ፣ እኛ ሰዎች በአዞ ሕግ እንሂድ ማለት ምን ይባላል?

ተፈጥሮ ለምን እንዲህ አደረገች የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ በአንድ እንሽላሊት ላይ የተሠራ ጥናት መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ በሆርሞን ጣልቃ ገብተው ወንድና ሴት በማያገኙት ሙቀት እንዲፈለፈሉ አደረጓቸው። እያንዳንዱ ጾታ ሲያድግ የበለጠ የተዋለደው ግን በተፈጥሮ በሚገኝበት ሙቀት የተፈለፈለው ሆኖ ተገኘ። ለካስ ሙቀቱ በዘፈቀደ አይፈርድም።

«ዶሮስ?» አሉ እማማ

እማማ ዶሮ ያረባሉ። «ታዲያ ዶሮስ? እኔ ሹል ሹሉን እንቁላል የማስታቅፈው አውራ እንዲሆንልኝ ነው» አሉኝ። የእንቁላል ቅርጽ ጾታ አይነግርም። ዶሮዋ 21 ቀን ስትታቀፍ ሙቀቷ የሚያስፈልገው ለመፈልፈል እንጂ ወንድና ሴት ለመለየት አይደለም። በዶሮ የጫጩቱን ጾታ የምትወስነው እናትየዋ ናት፤ ሁለቱን ዓይነት ክሮሞዞም የያዘችው እሷ ናትና።

«ይኸውልህ!» አሉ እማማ በድል አድራጊነት፣ «እናትየዋ ናት አላልኩም?»

«የዶሮዋ እናት ናት፣ እማማ። በሰው ግን አባትየው ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ስኒ የምታጥበው ትልቋ ልጅ እንኳ እጇን አቆመች።

የሰው እናት እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ የሚባለውን ክሮሞዞም ይይዛል። የአባት ዘር ግን ግማሹ ኤክስ፣ ግማሹ ዋይ ይይዛል። ኤክስ የያዘው ቀድሞ ከደረሰ ሴት፣ ዋይ የያዘው ከደረሰ ወንድ ነው። ይህ የሚያልቀው በተፀነሰበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ ሙቅ ጠርሙስም ይሁን አጥሚት ወንድ አያደርግም። የእናት ሰውነት ደግሞ 37 ዲግሪ አካባቢ ጠብቆ ነው የሚኖረው፤ እንደ አሸዋ ጠዋት ቀዝቅዞ ቀትር ላይ አይግልም። በእንጀራው ምሳሌ ከሄድን፣ የሰው ነገር የሚያልቀው ምጣዱ ከመጣዱ በፊት ሊጡ ሲቦካ ነው። ይህን የክሮሞዞም ነገር ቀድመው ካሳዩት አንዷም ሴት ናት። አሜሪካዊቷ ኔቲ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1905 ዱቄት ውስጥ በሚራባ ትል ላይ አሳየችው። ሴት ስትወቀስበት የኖረውን ጉዳይ ሴቶች ራሳቸው ፈቱት ማለት ነው።

ባልንጀራዬ ፊቱ ተለዋወጠ። «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው?» አለ።

«ጥፋት የሚባል ነገር የለም። አንተም አልመረጥክም። ሳንቲም እንደመወርወር ነው። አራት ልጅ ከወለዱ አሥራ ስድስት ቤተሰቦች አንዱ ጋ አራቱም ሴቶች መሆናቸው የሚጠበቅ ነው። ደግሞ ሦስት ሴት ስለወለድክ አራተኛው ወንድ የመሆን ዕዳ የለበትም። ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም» አልኩት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመጨረሻዋን መናገር ነበር። ነፍሰ ጡርን ማሞቅ ከንቱ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ሊሆን ይችላል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእናት የሰውነት ሙቀት 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሶ ሲቆይ በጽንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ሐኪሞች እርጉዝ ሴት ትኩሳት ሲይዛት ቶሎ እንድትታይ የሚሉትም ለዚህ ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጄን ልገድላት ነበር በለኛ!» አሉ። «ምራቴን» አይደለም ያሉት፣ «ልጄን» ነው። ያን ዕለት ማታ ብርድ ልብሱም ጠርሙሱም ተነሳ። በማግስቱ ባልየው ራሱ ፈቃድ ጠይቆ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ደህና ናት ተባለች። እፎይ አልን።

በሙቀት ሴት የበዛበት ባህር

ልሰናበታቸው ስነሳ ትልቋ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ፣ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ የባህር ኤሊ ሲሞቅ ሴት ከሆነች፣ ዓለም እየሞቀች ነው ይሉ የለ? ወንዶቹ አያልቁም?» አለችኝ። ቤቱ ወንድ ልጅ አጣሁ እያለ የሚያለቅስበት ልጅ ይህቺ ናት!

ጥያቄዋ ተመራማሪዎች የሚጨነቁበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል ከሚፈለፈሉት አረንጓዴ የባህር ኤሊዎች ውስጥ፣ ገና ካላደጉት ከመቶ 99 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ካደጉት መካከል ግን ሴቶቹ ከመቶ 87 ያህል ናቸው። ልዩነቱ የሚነግረን አሸዋው ከትውልድ ትውልድ እየሞቀ መምጣቱን ነው። ይህች ኤሊ ለመውለድ ከሃያ ዓመት በላይ ስለሚፈጅባት፣ የዛሬው ጉድለት የሚታየው ነገ ሳይሆን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በአንዳንድ የባህር ዳርቻዎች ሰዎች በጎጆዎቹ ላይ ጥላ እየዘረጉ፣ አሸዋውን ውኃ እያርከፈከፉ ለማቀዝቀዝ ይሞክራሉ። አዞም ቢሆን ከስጋት አላመለጠም። ወንድ የሚያስገኝለት ልክ ሦስት ዲግሪ የማይሞላ ነው ብያችኋለሁ፤ ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ሴቶች ይበዛሉ፣ ይበልጥ ሲጨምር ደግሞ ሽሉ ራሱ ይሞታል።

አዞና ኤሊ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ብርድና ሙቀት አሳልፈው እዚህ ደርሰዋል። አሁን ግን ለውጡ የፈጠነባቸው በእኛ በሰዎች ሥራ ነው። የጾታ ጥፋተኛ መፈለግ ካማረን እንግዲህ ይኸውና!

ምክሬ

ውድ አንባብያን፣ ምክሬ አጭር ናት። ባሎች፣ ሚስታችሁ በወለደችው ልጅ ጾታ ስትወቀስ ጣሪያ ጣሪያውን አትዩ፤ ጾታውን ያመጣው የእናንተ ዘር ነውና አንዲት ቃል ተናገሩላት። አማቶች፣ ምራታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ልጃችሁን ጠይቁ፤ እሱንም ጠይቁ እንጂ አትውቀሱት። ነፍሰ ጡሮች፣ ሆዳችሁን አሙቁ የሚል ምክር ሲመጣ ሐኪም ሳታማክሩ እሺ አትበሉ። ወሬ አውሪዎች፣ ማለትም እንደ እኔ ያላችሁ፣ አስጎብኚው «ግን ደግሞ» ሲል ፎቶውን ትታችሁ ስሙት።

«ለመሆኑ ምን ወለደች?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በሰላም ተገላገለች። እኔ ልጠይቃት ስሄድ እማማ በር ላይ ተቀብለውኝ፣ «ገና ሳትገባ ልንገርህ፣ ሰባት ጊዜ እልል ብለናል» አሉኝ። ወንድ መስሎኝ ደስ እንዲላቸው ብዬ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ወራሽ አገኙ!» አልኩ።

እማማ በምርኩዛቸው ጫማዬን መታ መታ አደረጉና፣ «ምን እንደሆነ ማን ነገረህ? በዚህ ቤት ከእንግዲህ ለሁሉም ሰባት ነው» አሉኝ።

ሰላም ሰንብቱ።